ጋሽ ይርጉ፣ ሳይቤሪያና የጥር ሰርግ

ሐበሻ ሰብሰብ ብሎ በሚኖርበት ከተማ ሁሉ፣ ማንም ሳይሾመው ራሱን የአየር ጠባይ ሚኒስትር ያደረገ አንድ ሰው አይጠፋም። ዴንቨርም ይሁን አትላንታ፣ ቶሮንቶም ይሁን ስቶክሆልም፣ ይህ ሰው አለ። ዣንጥላ ይዛችሁ ስትወጡ "አይዘንብም፣ መልሱት" ይላችኋል። ሳትይዙ ስትወጡ ደግሞ ከመኪናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ በሐዘኔታ ያያችኋል። የሌሎቻችሁን አላውቅም፤ የእኛው ግን ሁሉንም ያስከነዳል ብዬ እከራከራለሁ። የሌላው ከተማ ሚኒስትር ደመና አይቶ ነው የሚናገረው። የእኛው፣ ክቡር ጋሽ ይርጉ፣ የሚያዩት ሳይቤሪያን ነው።

ጋሽ ይርጉ ዳላስ አጠገብ ባለችው ቤድፎርድ ውስጥ ከእኛ ቤት ፊት ለፊት ይኖራሉ። በሙያቸው ኧርቪንግ ካለ አንድ ሆቴል ወደ ኤርፖርት እንግዳ የሚያመላልሱ ሾፌር ናቸው፤ በጥሪያቸው ግን የሰሜን ዋልታ ባለሙሉ ሥልጣን አምባሳደር ናቸው። ሳይቤሪያን ረግጠው አያውቁም፤ የሚረግጡበትም ምክንያት የለም፣ ከዚሁ ሆነው ያስተዳድሯታል። ጥቅምት ሲገባ ሌላው ጎረቤት ለሃሎዊን ከረሜላ ሲገዛ፣ እሳቸው ስልካቸው ላይ የሳተላይት ካርታ ከፍተው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ነጩ ቀለም የት ድረስ እንደወረደ ይመረምራሉ። ከዚያ በሰፈራችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የድምፅ መልእክት ይለቀቃል።

"ጤና ይስጥልኝ። ሳይቤሪያ ነጭ ለብሳለች። ሞንጎልያ ገብታለች። አልነገረንም እንዳትሉ።"

ይቺ "አልነገረንም እንዳትሉ" የንግግራቸው ማሰሪያ ናት። ደህና ዋሉ ማለት በሚገባቸው ቦታ እንኳ እሷን ይላሉ።

"ጋሽ ይርጉ፣ ሳይቤሪያ በረዶ ብትለብስ ቤድፎርድን ምን አገባት?" ብሎ አንዴ የጠየቀ ሰው፣ ሌላው እንዳይጠይቅ ሲመክር ይኖራል። ምክንያቱም ያስረዳሉ። ቆመው ከሆነ ያስቀምጧችኋል፣ ተቀምጣችሁ ከሆነ ምግባችሁ ይቀዘቅዛል። ደጋግሜ ከመስማቴ የተነሣ በእንቅልፌ ልወጣው እችላለሁ።

"ስማ" ብለው ይጀምራሉ። "መሬት በረዶ ሲለብስ ፀሐይቱን እንደ መስታወት ይመልሳታል። ሶ መሬቱ ይቀዘቅዛል፣ ላዩ ላይ ያለው አየርም ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከባድ ነው፣ ይተኛል። ያን የሚያህል አገር ሙሉ ከባድ አየር ሲተኛ፣ በላዩ የሚያልፈው ንፋስ ቀጥ ብሎ መሄድ ያቅተዋል፣ ይወዛወዛል። ውዝዋዜው ሽቅብ ይወጣል፣ አውሮፕላን ከሚበርበት በላይ። እዚያ ምን አለ? እንዝርቱ አለ!"

እንዝርት የሚሉት በዋልታው ዙሪያ የሚሾረውን የብርድ ንፋስ ነው፤ የቴሌቪዥን ሰዎች ፖላር ቮርቴክስ የሚሉትን። "እንዝርት በደንብ ሲሾር ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ብርዱንም ሰብስቦ ይይዛል። ከታች ሲነቀንቁት ግን ይንገዳገዳል። ሲንገዳገድ ብርዱ ይፈታና ቁልቁል ይለቀቃል። ከካናዳ እስከ ቴክሳስ የሚያቆመው አንድ ተራራ የለም፤ ሜዳ ነው። ሜዳው ራሱ በረዶ ከለበሰማ ብርዱ መንገድ ላይ እንኳ አይሞቅም። ኖንስቶፕ ነው፣ ቀጥታ የአንተ ጓሮ!"

ይህ የፈጠራ ወሬ እንዳይመስላችሁ። ልዩ የምትባለው ልጄ ሪቻርድሰን ከተማ በሚገኝ የስልክ ኩባንያ ውስጥ ኢንጂነር ናት፤ አንብባ አረጋግጣለች። በመኸር የሳይቤሪያ በረዶ ሲበዛ እኛ ዘንድ ብርዱ ይጠናል የሚሉ ሳይንቲስቶች አሉ፤ የለም፣ አንዳንድ ዓመት የተገጣጠመ ነገር ነው የሚሉም አሉ። ይህንኑ ልትነግራቸው ሞከረች።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ኮሪሌሽን ነው። ማለቴ፣ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም። ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው አግሪ አያደርጉም።"

"ልክ ነሽ የኔ ልጅ" አሏት። "አንዳንዴ የሚሠራ ነገር፣ አንዳንዴ ይሠራል።" ብለው እንደ ረቱ ቆጥረው ወደ ቤታቸው ተሻገሩ።

የካርታ ሰው ብቻ ናቸው ብላችሁም እንዳትሳሳቱ። የመስክ ጥናትም አላቸው። የሆቴሉ ሚኒባስ ውስጥ የገባ እንግዳ ሻንጣው ሳይጫን በፊት "ከየት ነው የመጣኸው?" ይባላል። ከካናዳዋ ዊኒፔግ ካለ ጉድ ፈላ፦ "በረዶው ቁርጭምጭሚት ነው ወይስ ጉልበት? ደረቅ ነው ወይስ እርጥብ?" አንድ ጊዜ ከካዛክስታን የመጣ ነጋዴ እጃቸው ገባ። ምስክርነቱን እስኪጨርስ ድረስ ተርሚናሉን ደጋግመው አዞሩት፤ ሰውዬው አውሮፕላኑ ሊያመልጠው ለትንሽ ተረፈ። ሲወርድ ግን አቅፏቸው ነው የሄደው፤ ስለ አገሩ በረዶ ይህን ያህል የተጨነቀለት ሰው አይቶ አያውቅም ነበር።

ደግሞ አንድ ጊዜ ልክ ነበሩ። ያ ቴክሳስ መብራት የጠፋበት የካቲት ትዝ ይላችኋል? ሳምንት ቀድመው "ገንዳችሁን ውሃ ሙሉ" ብለውን ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ አልን። ከዚያ ቧንቧችን ፈንድቶ፣ ሳሎናችን ኩሬ ሆኖ፣ ከእሳቸው መታጠቢያ ገንዳ በባልዲ እየቀዳን ስንመለስ በራቸው ላይ ቆመው ምንም አላሉም። ምንም አለማለታቸው ከሁሉም የባሰ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደፍሮ የሚከራከራቸው የለም። ከዚያ ወዲህ ደግሞ አንድ ጊዜም ልክ ሆነው አያውቁም። በየዓመቱ ሱፐርማርኬት ስናራቁት፣ ባለቤቴ ውባለም ጋራዡን በውሃ ጠርሙስ ስትሞላ፣ ሰው ቁምጣ ለብሶ በሚሄድበት ቀን ውሃው እንዳይረጋ ብለን ቧንቧችንን ጠብ ጠብ ስናደርግ እንከርማለን።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ልዩ ልታገባ ሆነ።

እኛ አገር ስንቀይር ብዙ ነገር ቀይረናል፤ የሰርጋችንን ወር ግን አልቀየርንም። ገና ውሎ፣ ጥምቀት አልፎ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ ጥር ላይ እንድራለን። ጥር አገር ቤት እህል የገባበት፣ ሰማዩ የጠራበት፣ ድንኳን ቢጣል የማይበሰብስበት ወር ነው። ዳላስ ላይ ግን ጥር ማለት ሃይዌዩ መስታወት የሚሆንበት፣ ድልድይ የሚዘጋበት፣ ሚዜ ከነመኪናው ቦይ ውስጥ የሚገኝበት ወር ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እያወቅንም በየዓመቱ ጥር ላይ እንድራለን፤ አያቶቻችን የመረጡትን ወር የምንለውጠው እኛ ማን ሆነን ነው?

የሙሽራው የዮኒ ቤተሰቦች ቀን ለመቁረጥ እኛ ቤት ተሰበሰቡ። ጋሽ ይርጉም እንደ ሰፈር ሽማግሌነታቸው ተጋብዘው ተገኙ። የጥር መጨረሻዋ ቅዳሜ ተባለች። አዳራሹ ክፍት ነው፣ ካህናቱ ይመቻቸዋል፣ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። በዚህ መሐል ጋሽ ይርጉ ከወንበራቸው ተነሡ።

"ወገኖቼ" አሉ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው። "ዘንድሮ ሳይቤሪያ የለበሰችው በጥቅምት መባቻ ነው። እንደዚህ ስትለብስ አይቻት አላውቅም። በአንድ ወቅት ሁለት ነጭ ለባሽ አይቻልም። ወይ ሳይቤሪያ፣ ወይ ሙሽሪት።"

የዮኒ አባት አቶ ተሻገር ሰውዬው ምን እንደሚሉ ግራ ገብቷቸው እኔን አዩኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

"ጋሼ፣ ፕሊስ" አለች ልዩ። "ሰርጌን ጂንክስ አታድርጉብኝ፣ አታሟርቱብኝ።"

"ጂንክስ አይደለም የኔ ልጅ፣ ሳይንስ ነው። ከፋሲካ በኋላ አድርጉት።"

"ከፋሲካ በኋላ ዮኒ ለሥራ ሲያትል ይሄዳል።"

ጋሽ ይርጉ አልተቀመጡም። ከዚያ ያን ያህል ሰው ባለበት፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ እኔም ውባለምም ባይናገሩት ስንል የተመኘነውን ነገር ተናገሩ። "እንግዲያው ያቺ ቅዳሜ በረዶ ካልሆነች፣ ከእንግዲህ ስለ አየር አንድ ቃል ብተነፍስ ይርጉ አትበሉኝ!"

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። በነጋታው መላው ቤድፎርድ፣ በሦስተኛው ቀን መላው ዳላስ ሰማው። ሰዉ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ የልዩ ሰርግ እንዲያምር ይጸልያል፣ ግማሹ ጋሽ ይርጉ እንዳያፍሩ። እኔ አንድ ልጅ ያለኝ ሰው ነኝ። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ነውና፣ የማን ወገን እንደሆንኩ መናገር አያስፈልግም።

ደግሞ ተናግረው አርፈው ቢቀመጡ ጥሩ ነበር። "እናንተ ካልሰማችሁ እኔ ግዴታዬን እወጣለሁ" ብለው የጥሪ ወረቀት የደረሰውን እንግዳ በሙሉ ኮል ማድረግ ጀመሩ። ስልኩን ከየት እንዳገኙት አላውቅም፤ ውባለምን እጠረጥራለሁ። ለአትላንታው፣ ለዴንቨሩ፣ ለዋሽንግተኑ አንድ ዓይነት መመሪያ ተላለፈ፦ "ዓርብ እመጣለሁ ያለ አይመጣም። ኤርፖርቱ ይዘጋል። ረቡዕ ግቡ፣ ቢዘገይ ሐሙስ።"

የእናቴን ታናሽ እህት እትዬ ዓለምጌጥን ሳይቀር ደወሉላቸው። እትዬ ዓለምጌጥ ሰማንያን ያለፉ፣ ሚኒያፖሊስ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ ቤቴን ረግጠው የማያውቁ ሴት ናቸው።

"አንተ፣ ሚኒያፖሊስ የምትኖርን ሴት በበረዶ ታስፈራራለህ?" አሏቸው።

"እትዬ፣ የእናንተ በረዶ አካፋ ያለው በረዶ ነው። የእኛ አካፋ የለውም።"

እትዬ ዓለምጌጥ ትንሽ አሰቡና ትኬታቸውን ወደ ረቡዕ አስቀየሩ።

ረቡዕ ጠዋት ጀምሮ የእኛ በር መዘጋት ተወ። ሆቴሉን የያዝነው ከዓርብ ጀምሮ ነበር። ሶ፣ ሁሉም እኛ ቤት አረፈ። ሳሎኑ ፍራሽ በፍራሽ ሆነ፤ ኮሪደሩ ላይ በሻንጣ መሐል እንደ ፍየል እየዘለልን እንሄዳለን። ወንዶቹ ጋራዥ ውስጥ፣ በውባለም የውሃ ጠርሙሶች መካከል ተኙ። መታጠቢያ ቤት ለመግባት ሰልፍ ነበር። እኔ በየሰዓቱ ጋሽ ይርጉን በልቤ እረግማለሁ።

መቼ መርገሙን እንደተውኩ በትክክል አላውቅም። ምናልባት ሐሙስ ከሰዓት ነው። በስልክ ብቻ ሲተዋወቁ የኖሩ ያክስት ልጆች አንድ ሽንኩርት እየተቀባበሉ ሲልጡ አየሁ። ልዩ ደግሞ የሥራ ኮምፒውተሯን ዘግታ እትዬ ዓለምጌጥ እግር ሥር ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። እትዬ ዓለምጌጥ እኔ በሰርጌ ቀን ከበቅሎ ወድቄ፣ ሱሪዬ ተቀዶ፣ በሚዜዬ ሱሪ እንዴት እንደተዳርኩ እየተረኩላት ነው።

"አባዬ! ለምን አልነገርከኝም? ማለቴ፣ ኢት ኢዝ ክሬዚ!" አለች፣ ዕንባዋ እስኪወርድ እየሳቀች።

"በቅሎዋ ናት የወደቀችው" አልኩ። ማንም አልሰማኝም። ልጄ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው፤ ከአክስቶቿ ጋር እንዲህ ተደራርባ ተኝታ አታውቅም። የዘመዶቿን ስልክ ቁጥር እንጂ ሳቃቸውን አታውቅም ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ረስቼው ነበር።

ቅዳሜ ነጋ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ ያን ቀን ግን የፈራነው ድርሽ አላለም። ሰማዩ ላይ የጣት ጥፍር የምታህል ደመና አልነበረችም። በፋራናይት ሰባ ምናምን ዲግሪ! ደስ ብሎኝ ልጨፍር ስል፣ ጋሽ ይርጉ ትዝ አሉኝና ተውኩት።

አዳራሹ ደጃፍ ስንደርስ ቀድመውን ደርሰዋል። ወፍራም ካፖርታቸውን ለብሰዋል። ፒካፕ መኪናቸው ላይ የጨው ከረጢት፣ አካፋና ብርድ ልብስ ተጭኗል። ማለዳ መጥተው፣ በረዶ እንዳይረጋበት ብለው፣ የአዳራሹን መግቢያ ከዳር እስከ ዳር ጨው በትነውበታል። እንግዳው ሁሉ በፀሐይ መሐል ጨው እያንኮሻኮሸ ገባ። የሙሽሪት ሚዜዎች ተረከዝ በጨው ነጣ። ልዩ እንኳ ከነቬሎዋ በጨው ላይ ነው የገባችው።

"ጋሽ ይርጉ፣ የፀሐይ ክሬም ይኖርዎታል?" አለ አንዱ ጎረምሳ።

"ኤሲውን ከፍ አድርጉልን፣ ሳይቤሪያ ልትገባ ነው!" አለ ሌላው።

መድረክ መሪው ደግሞ ማይክ እንደያዘ፣ "ክቡራን እንግዶቻችን፣ ከሳይቤሪያ የመጣ መልእክት አለ፣ በሥራ ብዛት መገኘት ስላልቻልኩ ይቅርታ ይላል" አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ጋሽ ይርጉም ሳቁ። ክፋት የነበረው ሰው የለም፤ እኔም ስቄአለሁ። ሳቁ ሲበርድ ግን ካፖርታቸውን አውልቀው፣ አጥፈው፣ ጉልበታቸው ላይ ሲያስቀምጡት አየኋቸው። እንደ ሌላው ጊዜ ማንንም ይዘው አላስረዱም። ጎናቸው የተቀመጠው ሰው ከዊኒፔግ የመጣ ነበር፤ እሱን እንኳ ምንም አልጠየቁትም። ኬክ ሳይቆረስ ወጡ። አንጀቴን በሉኝ። በልጄ ሰርግ ላይ፣ አባቷ ሆኜ፣ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ የመኪና መስታወት የምትሸፍን በረዶ ብትወርድ ብዬ ተመኘሁ።

እሑድ መልሱ እኛ ቤት ነበር። ጋሽ ይርጉ አልመጡም። ውባለም ሰው ላከችባቸው፤ "አሞኛል" አሉ። ራሷ መንገዱን ተሻግራ፣ በሩን ደብድባ፣ እጃቸውን ይዛ አመጣቻቸው። በሩ አጠገብ ተቀመጡ። የቀረበላቸውን በሉ፣ ሙሽሮቹን መረቁ፣ ዝም አሉ።

ዝምታቸው ቤቱን ከበደው። የጋሽ ይርጉ ሳይቤሪያ የሌለችበት ድግስ እንዲህ ጸጥ እንደሚል አላውቅም ነበር። ሰዉም አመሻሹ ላይ ሻንጣውን ወደ በሩ ማቅረብ ጀመረ። ሰኞ ጠዋት ሁሉም በራሪ ነው። የአትላንታው ቻርጀሩን ይፈልጋል፣ የዴንቨሯ ለልጇ ጫማ ታጠልቃለች። ልዩ ከዮኒ ጎን ተቀምጣ ሻንጣዎቹን አንድ በአንድ ታያለች። ዓይኗ ሞልቷል፤ ሙሽራ ናት፣ ማልቀስ የለባትም፣ ትታገላለች። መቼ ነው እንዲህ ዳግመኛ የምንገናኘው ብሎ የጠየቀ የለም። መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ለቀብር ነው።

ይኼን ጊዜ እትዬ ዓለምጌጥ ከሶፋው ላይ ሆነው ተጣሩ። "ይርጉ! ነገ አውሮፕላን ይነሣል ወይ?"

ጋሽ ይርጉ ቀና አሉ። "ስልኩን ይጠይቁ፣ እትዬ።"

"ስልኩን መች ጠየቅሁ? አንተን ነው።"

"እኔማ ብያለሁ። ስለ አየር ከተነፈስኩ ይርጉ አትበሉኝ ብያለሁ፤ ሰው ሁሉ ሰምቷል።"

"ይርጉ አልልህም እሺ፣ ልጄ እልሃለሁ" አሉ እትዬ ዓለምጌጥ። "አንተ ባታስፈራራኝ ዓርብ ማታ መጥቼ እሑድ እሄድ ነበር። የዚችን ልጅ ፊት በቅጡ ሳላይ። ስንት ቀን ቀርቶኛል ብለህ ነው? በል እንጂ፣ ነገ በረዶ ነው በል።"

ሁሉም ዞሮ ጋሽ ይርጉን አያቸው። ቅዳሜ ሲቀልዱባቸው የነበሩት ጎረምሶች ሳይቀሩ አዩአቸው። ማንም አልሳቀም። ልዩ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ሄደችና አጠገባቸው በርከክ አለች።

"ጋሼ፣ ሳይቤሪያ እንዴት ናት?" አለቻቸው።

ጋሽ ይርጉ በክፍቱ በር በኩል ወደ ውጪ አዩ። ልጆች ከነጠላ ጫማቸው፣ በቲሸርት፣ መንገድ ላይ ኳስ ያንከባልላሉ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉት።

"እንግዲህ…" አሉ። "በረዶው ቀርቷል አልተባለም። ዘግይቷል ነው እንጂ። እንዝርቱ ከተንገዳገደ ሰንብቷል። ብርዱ አሁን ካንሳስን ይዟል ብዬ ነው የማስበው። ነገ ይሁን ማክሰኞ እሱ ነው የሚያውቀው። እኔ ብሆን ግን እስከ ሐሙስ አልበርም።"

እልልታው ከቅዳሜው ይበልጥ ነበር። የአትላንታው ቻርጀሩን መልሶ ሰካ። የዴንቨሯ የልጇን ጫማ አወለቀች። ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ትኬት ቼንጅ ማድረግ ጀመረ፤ ዮኒ በሁለት ስልክ ለአሮጊቶቹ ያስቀይራል። ጋሽ ይርጉ ወንበራቸውን ከበሩ አንሥተው ወደ መሐል አስገቡና የዊኒፔጉን ሰው "ስማ" ብለው ጀመሩት። ሰውዬው ምግቡ ቀዘቀዘ።

እኔም በሸሚዝ ደጅ ወጥቼ፣ የምሽቱ ሞቃት ንፋስ ፊቴን እየዳሰሰኝ፣ ለአለቃዬ ጻፍኩ፦ "ነገ በበረዶ ምክንያት ሥራ አልገባም።"

ሰኞ ጠዋት ፀሐይ ፍንትው ብላ ወጣች። እትዬ ዓለምጌጥ "መጋረጃውን ዝጉት" አሉ። ዘጋነው።